ገዳሪፍ የገባሁበት ፍልሰታ

ገዳሪፍን ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ነው የጠላኋት። እግሬን ከማሳረፌ ዋልካው አንዱን ሸበጤን ዋጠብኝ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ጭቃውን ስዳብስ፣ ከኋላዬ ራክሻ የሚሏት ባጃጅ ጡሩምባዋን ታንባርቅብኛለች፤ ከፊቴ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ከነአህያው ሊወጣብኝ ይደርሳል። መተማ ቢሆን ገና ስደናቀፍ "እኔን!" የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን "ያ ሐበሺያ፣ ተነሽ ከመንገድ" ነው የተባልኩት። ጭቃ የጠገበ ሸበጤን በእጄ አንጠልጥዬ፣ አገሬ ላይ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በአማርኛ አወረድኩባቸው። የሰማኝ የለም።

ለሽርሽር አልመጣሁም። ታናሽ ወንድሜ ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ አረም ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ቁረይሻ ተሻግሮ ነበር። እዚያ ሆዱ ተነፋ፣ ትኩሳቱ አልለቀው አለ፤ ካላዛር ነው ተብሎ ገዳሪፍ ሆስፒታል ተኛ። አብሮት ሲያርም የነበረ ጎረምሳ ወደ መተማ ሲመለስ ሻይ ከምሸጥበት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። መርፌውን በየቀኑ ይወጉታል፣ ግን እህል አይቀምስም፤ እንዲህ ከቀጠለ መድኃኒቱን ራሱ ሰውነቱ አይችለውም ብለዋል አለኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አስታማሚ የሌለውን ሰው ማን አብስሎ ያበላዋል? በሰው አገር በረሃብ ሊገድሉብኝ ነው ብዬ ዕቃዬን ለጎረቤት ጥዬ ተነሳሁ።

ጊዜው ረመዳንና ፍልሰታ የገጠሙበት ነሐሴ ነበር። እነሱም ይጾማሉ፣ እኔም እጾማለሁ፤ ከተማው በሙሉ ሆዱ ባዶ፣ ፊቱ የተቋጠረ። ምግብ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ አበደ መሮጥ ጀመረ። በረዶ የሚገዛው ከቴምር ሻጩ ጋር ይጋፋል፤ አህያው፣ ሎሪው፣ ራክሻው አንድ መንገድ ላይ ተፋጦ ይጯጯሃል። ሻይ ከሚጠጡ ሾፌሮች በለቀምኳት አረብኛ ሆስፒታሉ የት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያሳየኛል፣ ሌላው ወደ ግራ። ራክሻ ባቆም "ቤቴ ልገባ ነው" እያለ ያልፈኛል። መጨረሻ ላይ አንዱን መሪው ላይ ተንጠልጥዬ አስቆምኩት፤ ወንድሜ ሊሞት ነው ብዬ ጮህኩበት። ጫነኝ።

ብዙም አልሄድን። አንድ መታጠፊያ ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ዘጉት። ፖሊስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ዘራፊ መሰለኝ፤ ገንዘቤን ወደ ጡቴ ወሸቅኩ። ሾፌሩ ግን እየሳቀ ወረደና ከዳር በተነጠፈው ሰሌን ላይ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ አለ። ለካ ማፍጠሪያ ሰዓት ደርሶ፣ መንገደኛውን በግድ እያስወረዱ ሊያበሉ ኖሯል። ልማዳቸው ነው። ለእኔም እዚያው ራክሻው ውስጥ ሥጋ የተከመረበት ሳህን አመጡልኝ። አልበላም፣ ልቀቁን፣ ቸኩያለሁ አልኩ። አንድ ሽማግሌ ሳህኑን ከጉልበቴ ሳያነሱ፣ እንግዳ ከዚህ ሳይቀምስ አልፎ አያውቅም አሉኝ። ውሃ ብቻ ጠጥቼ ሳህኑን መለስኩላቸው። መንገደኛን ጎትተው የሚያበሉ ሰዎች፣ አልጋ ላይ የወደቀውን ወንድሜን ጦሙን ያሳድሩታል? ሾፌሩ ጠግቦ እስኪነሳ ድረስ የራክሻውን ጡሩምባ ስነፋ ቆየሁ።

ሆስፒታል ደርሼ ክፍሉን ሳገኝ፣ ወንድሜን ያወቅኩት በዓይኑ ነው። ሌላው ሁሉ አጥንት ሆኗል። ዓይኔ ቀጥሎ ያረፈው ግን ከአልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነው፤ ክዳን ያላቸው ሳህኖች ተደርድረዋል። መረቅ፣ የበግ ሥጋ፣ ገንፎ የመሰለው አሲዳቸው። የጎን በሽተኛው ቤተሰብ ማታ ማታ ከራሱ አስቀድሞ ለእሱ ያመጣለታል። ነርሷ እህቱ መሆኔን ስታውቅ ደስ አላት። ወንድምሽ ጠንካራ እስላም ነው አለችኝ፤ የታመመ ሰው ጾም የለበትም ብንለው ቀን ላይ አንድ ነገር አይቀምስም፤ ማታ ደግሞ በሽታው ሆዱን ስለዘጋው ከዳቦና ከባቄላው ትንሽ ቆንጥሮ ይተወዋል፤ ደም የሚሆነውን ሥጋውን አይነካም። ትጾማለህ ወይ ብለው በምልክት ሲጠይቁት ራሱን ነቅንቆላቸዋል። ማተቡን የሸሚዙ ኮሌታ ሸፍኖታል። እነሱም ጠይቀው አልተሳሳቱም፣ እሱም አልዋሸ።

ያን ሁሉ መንገድ በከተማው ላይ የተሸከምኩት ንዴት ዞሮ እሱ ላይ ወረደ። ምን ሆነህ ነው የማትበላው አልኩት።

"ፍልሰታ ነው፣ እታለም።"

"የታመመ አይጾምም። ቄስ ቢኖር ይፈታህ ነበር።"

"ጾሙ ብቻ አይደለም።" ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም። "የእስላም እርድ ነው። በልቼው ብድን እንኳ ምን ብዬ አገሬ እገባለሁ?"

እኔም እንደሱ ነው ያደግኩት፤ በዚያ እርድ ምክንያት ከእስላም ጎረቤት ሠርግ ላይ ለብቻችን በተዘጋጀ ድንኳን ስንበላ ነው የኖርነው። ልቤ ግን ነደደ። ቤታችን ያስተማረንን ሁሉ ጠብቆ እዚህ አልጋ ላይ ሊሞትብኝ ነው።

መረቁን ከወንበሩ አነሳሁት። ከሥጋው ትልቁን መርጬ አፌ ውስጥ ከተትኩና፣ እያየኝ አላመጥኩ። ዋጥኩት። ደግሜ ጎረስኩ። ዓይኖቹ ተጎልጉለው ሊወጡ ደረሱ።

"እታለም፣ ምን አደረግሽ?"

"ገደፍኩ። በላሁ። አሁን ይህን ነውር ተሸክሜ አገር ቤት ለብቻዬ ነው የምትልከኝ?"

ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ሕፃን ሆኖ መድኃኒት ስግተው ያደርግ እንደነበረው፣ ዓይኑን ጨፍኖ። የጎን በሽተኛው አዛውንት ከአልጋቸው ላይ "ቢስሚላህ" አሉለት። ሥጋውን በጣቴ እየመነጨቅኩ አጎረስኩት፤ ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስም አንተ ደደብ፣ አንተ ግትር፣ አንተ የእናቴ ልጅ እያልኩ ስሰድበው ነበር።