በመስታወት ገጣሚው ቤት የነበረው ብርሃን

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» ነው የምለው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሥራው መስታወት መግጠም ነበር። መቁረጫውን በመስታወቱ ላይ ሲያንሸራትት ቀጭን ድምፅ ትሰማለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንደ ታዘዘ ሁለት ይሆናል። የአንድ ሱቅ ትልቅ መስኮት አቁሞ ሲጨርስ ራቅ ብሎ ያየዋል። ደመናው በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ ቢጠሩትም አይሰማም። «ይኸው ደግሞ ሄደ» ይላሉ ጓደኞቹ፣ ፊታቸው ቆሞ ሳለ።

ልጅ የወለደው ዘግይቶ ነው፤ ሴት ልጅ። የአምስት ወር ሳለች እናቷ በረንዳ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ አሞቀቻት። በማግስቱ ፊቷ እሳት እንደ ነካው ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። «ምን ዓይነት እናት ናት!» ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሲሞላት ደግሞ ጉንጮቿ ሰሊጥ የተበተነባቸው መሰሉ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«ፀሐይ የሁላችንንም ሴል ትጎዳለች» አለች ሐኪሟ። «ሴሉ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እንደ ረጅም ጽሑፍ ነው። ጨረሩ ሲያገኘው ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች ይጣበቃሉ። ሴሉ ግን የራሱ ጠጋኞች አሉት፤ የተበላሸውን ፈልገው ቆርጠው ያወጡና፣ ትይዩ ያለውን ቅጂ እያዩ ባዶውን ይሞሉታል። በእሷ ውስጥ ከጠጋኞቹ አንዱ አይሠራም። ስህተቱ ሳይታረም ይከማቻል። አንድ ቀን ሴሉ ልጓሙን ይበጥሳል፤ ካንሰር የምንለው እሱን ነው።»

«ከማን ወረሰችው?» አለ ጋሼ።

«ከሁለታችሁም። እናንተ ከዚያ ጠጋኝ መመሪያ አንድ አንድ ጤነኛ ቅጂ ስላላችሁ አልታመማችሁም። ጥፋቱ የማንም አይደለም።»

የወንድሜ ሚስት ይሄኔ ነው ያለቀሰችው። ጎረቤቶች ካሟት ቀን ጀምሮ ይዛው የኖረችው እንባ ነበር።

«ዶክተር፣ መስታወትስ አይከልላትም?» አለ ጋሼ።

«ከሚያቃጥለው ጨረር አብዛኛውን ይይዛል። የቀረው ግን ያልፋል።»

ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ መቁረጫውን አላነሣም። ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ቤት ብርሃን ሲያስገባ የኖረ ሰው! ከዚያ ጨረር የሚከላከል የመስኮት ፕላስቲክ ጥቅል ተሸክሞ መጣ። ለየመስኮቱ እየቆረጠ፣ በሳሙና ውሃ እያራሰ፣ አየሩን በጎማ መጥረጊያ እየገፋ ለጠፈ። ከሆስፒታል በተዋሰው የጨረር መለኪያ እያንዳንዱን ጥግ ፈተሸ፤ ዜሮ ባየ ቁጥር ፈገግ ይላል። ፕላስቲኩ ወደ ማር ቀለም ያደላ ስለነበር ቤቱ ቀኑን ሙሉ አመሻሽ ይመስል ነበር። እዚያ ስገባ ሰዓቱ ይጠፋብኛል። አቧራው በአየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ልጅቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ በጣቷ ስትከተለው አሁንም በዓይኔ ይመጣል። ስሟን ትተን «ጥላዬ» እንላት ነበር።

ትምህርት ቤት ስትገባ ጋሼ ከፊት ጨረር የማያሳልፍ ጥርት ያለ መከለያ ያለው ቆብ ሠራላት። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ «ጠፈርተኛ!» ብለው ሳቁባት።

«አዎ» አለች። «ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ ያገኘሁት እናንተን ነው፤ ወይ ዕድሌ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ማለቴ አይደለም። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ አፍንጫዋ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። ካንሰር ነበረች። በጊዜ ስለ ተገኘች ተቆርጣ ወጣች፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ሁለት ተነሥተውላታል። በየሳምንቱ እናቷ ቆዳዋን በእጅ ባትሪ ታያለች። ጋሼ «ምንም የለም» እስኪባል በር ላይ ይንጎራደዳል።

አምና፣ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት፣ እሷ፣ ጋሼና እኔ ወደ ወንዝ ወረድን። ቆቧንና ጓንቷን አጥልቃ ዳር ላይ ተቀመጠች። ብርሃኑ በውሃው ላይ እየተሰባበረ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው።

«ቀትር ላይ ወንዝ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

ጋሼ ሣሩ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሄዷል፤ ራሰ በራው ለፀሐይ ተሰጥቷል። ተነሥታ የራሷን ሻርፕ ከአንገቷ ልትፈታ ስትል እጇን ያዝኳት፤ የእኔን ወስዳ ራሱና ፊቱ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ምነው?» አለ ከሻርፑ ሥር።

«ትቃጠላለህ አባዬ።»

«እሺ» አለና ተገላበጠ። እኛም አልቀሰቀስነው።