ወፍራሙን የወፍ መጽሐፍ ያስመረጥኩ ቀን

ጭጋግ ጠጥቶ የደረቀ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው፤ ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ብርድ ልብስ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችንን ቁም ሳጥን ስናጸዳ ያ ሽታ ከታችኛው መደርደሪያ መጥቶ አፍንጫዬን መታው። እጄን ሰድጄ ሳወጣው ወፍራሙ የወፍ መጽሐፍ ነው። ገጾቹ አብጠው አልዘጋ ብለዋል። አብራኝ የምታጸዳው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ይጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይቆይ» አልኳትና ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩት።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ አዲስ ለተቋቋመው የወፍ ተመልካቾች ክበብ ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ ምረጪ ተብያለሁ። በዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ስላስመረጥኩ ነው ያጩኝ። እንዴት እንዳስመረጥኩ የጠየቀኝ ግን የለም፤ እናንተ ስሙኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ወጣት፣ ዝምተኛ፣ ወፍ ሲያይ ብቻ ፊቱ የሚበራ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ተማሪዎችን ይዞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ዳር ወይም ወደ አንገረብ ግድብ ይወርዳል። አንድ የሩቅ መነጽር ነበረችው፤ እሷም ከአንገቱ አትወርድም። እኔ ደግሞ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ በእንግሊዝኛ ማንም የማይደርስብኝ፣ የወፎቹን የፈረንጅ ስም እንደ ዳዊት የምደግም ልጅ ነበርኩ። ቲቸር «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ያለኝ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ እሷን ቃል እያመነዠክሁ እከርማለሁ።

ከዚያ የወገራዋ ልጅ መጣች። ቤቷ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወጣ ያለ መንደር ነው። ከሦስት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶብስ የሚላክላትን ስንቅ እየተቀበለች ትማራለች። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። ወደ ክበቡ ስትገባ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የማስተምረው ሰው ያገኘሁ መስሎኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ገባን። ፀሐይ ገና የግንቡን ጫፍ እየነካች ነው፤ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያላቸው እርግቦች በየግንቡ ቀዳዳ ያጉረመርማሉ። ድንገት ዝም አሉ። እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «ጭልፊት መጣ» አለች። ሁላችንም ሽቅብ አየን፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭልፊቱ ከግንቡ ጀርባ ብቅ አለ። ቲቸር መነጽሯን ከአንገቱ አውልቆ በእሷ አንገት አጠለቀላት።

ያን ቀን በቅናት ድብን አልኩ። ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም። ምሳ ቀርቦልኝ ሳልነካው ተነሳሁ፤ እናቴ ግንባሬን ዳስሳ «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?

እየቆየ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። የተተለተለው ሹራቧ ሳይቀር ያስቀናኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቅ መቀመጥ ትችላለች፤ ወፎቹ ከእኔ እየሸሹ እሷ አጠገብ ይለቅማሉ። የሚያናድደው ደግሞ ትወደኛለች። የፈረንጁን ስም እየጠየቀች መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ስንቋ የመጣ ቀን ቆሎዋን ከሁሉ አስቀድማ ለእኔ ትዘግናለች። ቆሎውን እየቆረጠምኩ እቀናባታለሁ።

በግንቦት ትምህርት ቤቱ ለክበቡ የሚበቃ መጽሐፍ ሊገዛ ፈቀደ። ዓይነቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ቲቸር ለናሙና ሁለት ተውሶ አመጣ። አንደኛው ወፍራም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ወፍ ሁሉ በእጅ ተስሎ የገባበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና በዝርያ የተደረደረ ነው። ሁለተኛው ስስ ነው፤ ኪስ ይገባል፣ የኛን ደጋ ወፎች ብቻ በፎቶግራፍ ይዟል፣ አደራደሩም በሚታዩበት ቦታ ነው፦ ጓሮ፣ እርሻ፣ መስክ፣ ውሃ ዳር፣ ገደል። ወፍራሙን ለእኔ፣ ስሱን ለእሷ ሰጠ። «ተለማመዱባቸው። በሰኔ አዲስ ገቢዎቹን ይዘን አምባ ጊዮርጊስ እንወጣለን፤ የሚበጃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ» አለን። መጽሐፏ የተመረጠላት ልጅ በክረምት ደባርቅ ሄዳ ከተራራው አስጎብኚዎች ጋር አሥር ቀን ትሠለጥናለች።

ለእሷ ይህ ቀልድ አልነበረም። አባቷ ስንቅ የሚልኩላት እስከ ሰኔ ብቻ እንደሆነ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥቶ ተመልሷል። አስጎብኚነት ከለመደች ግን ራሷን ችላ ትማራለች። ይህን ሁሉ በገዛ አፏ አጫውታኛለች። እኔ ደባርቅ ሄጄ ምን እንደምሠራ እንኳ አላውቅም ነበር። የምፈልገው እሷ እንዳትሄድ ነው።

አንድ ቀን ወፍራሙን መጽሐፍ ተቀብላኝ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ሸጋ ነው» አለች፤ «ግን ለጀማሪ ይበዛበታል። ሰው መጀመሪያ ደጁ ያለውን ጎረቤት ነው የሚያውቅ፤ የሩቅ ዘመድ ኋላ ይደርሳል።»

«ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ወፍ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ያኔ እንጠይቃለና። እንግዳ ሲመጣ ከየት መጣህ ይባል የለ?»

እውነቷን ነበር፤ እውነቷን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እኔም መጽሐፌን ነጥቄ ተቀበልኳት።

ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው «ምነው አንድ ቀን እኛ ቤት አትመጪም?» አለችኝ። ሄድኩ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር መንደሩ የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። አባቷ ከደጅ ተቀብለው «ደከመሽ ልጄ? አገሩ ብርድ ነው፣ ጋቢ ልበሺ» አሉኝ። ጠዋት እሷ ወደ ሳር ክልክላቸው ወሰደችኝ፤ ለድርቆሽ የሚሆነው ሳር እስኪታጨድ ከብት እንዳይገባበት በድንጋይ የታጠረ መስክ ነው። ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት አራሰው። መሃል ስንደርስ ቆመችና በአገጯ ወደ አንዲት የሳር ጉቶ አመለከተችኝ።

እዚያ ላይ አንዲት ወፍ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች። ጀርባዋ የደረቀ ሳር ይመስላል፤ ቀና ስትል ግን ጉሮሮዋ የመስቀል አበባ ቢጫ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ያሰረች ትመስላለች። ጣቴን ሳነሳ እሷ እጄን ያዘችኝ።

«በጣት አይጠቆምም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጎጆዋን በጣት የጠቆሙባት እንደሆን ጥላው ትሄዳለች። እንቁላሏም አይቆጠር፣ ስሟም እዚህ አይጠራ።» አባቷ ሣሩን ሊያዩ ሲመጡ እንኳ በዚያ በኩል እንደማያልፉ ነገረችኝ። ከክልክሉ ከወጣን በኋላ ነው የወፏን ስም ያወቅኩት። «ለሰው አሳይቼ አላውቅም። ላንቺ ነው» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ያሰብኩት ይቺም የእሷ ናት ብዬ ነው። እሁድ ከሰዓት ቤቴ እንደገባሁ ወፍራሙን መጽሐፍ አወጣሁና ያቺን ወፍ ፈለግኩ። እስካገኛት ብዙ ደከምኩ። ሳገኛት ገጹ መሃል የክብሪት እንጨት ሰካሁበት።

የጉዞው ቀን ሃያ የሚሆኑ ጀማሪዎች ይዘን ወጣን። ገና ከአውቶብሱ ስንወርድ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ቁራ አጥር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጀማሪዎቹ ለሁለታችን ተከፍለው ነበር፤ የእሷ ልጆች የእርሻውን ገጽ ከፍተው አንድ ሁለት ሳይሉ አገኙት። እኔ ዝርያውን ስፈልግ፣ ከዝርያው ውስጥ የኛን ስለይ ቁራው ሄደ። ቀጥሎም እንዲሁ። አንዱ ልጅ «የሷ ይቀላል» ብሎ ከእኔ ዘንድ ወደ እሷ ተሻገረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቲቸር ማስታወሻው ላይ እየጻፈ ፈገግ ሲል አየሁት። ዓይኔ ደም ለበሰ።

በእነሱ መንደር በኩል ስናልፍ «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አልኩና የክልክላቸውን ካብ ዘለልኩ። ሁሉም ተከተሉኝ። እሷ ከኋላ «ምነው? ምነው፣ ወዴት ነው?» ስትል ይሰማኛል። ቲቸር «ቀስ በሉ፣ ሳሩን አትርገጡት» አለ፤ የሰማው የለም። ጉቶዋ ጋ ስደርስ ጣቴን ቀሰርኩ። ወፏ ብድግ ብላ በረረች፤ ቢጫው ብልጭ አለ። ልጆቹ እየተጋፉ ጎንበስ አሉ፣ አንዷ ጮክ ብላ እንቁላሎቹን ቆጠረች። እኔ መጽሐፉን ክብሪቱ ካለበት ከፈትኩና የወፏን የፈረንጅ ስም አነበብኩላቸው።

ቲቸር «ያንቺ ውስጥስ አለች?» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ነበረች። ስሱ መጽሐፍ የመስኩ ገጽ ላይ በትልቁ ነበረች፤ እኔ ራሴ አይቻታለሁ። የወፏ ጎጆ ከልጅቷ እግር ሥር ነው፤ እሷ ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም አለች። ሁለተኛ ጠየቃት። መሬት መሬቱን አየች። «የለችም ማለት ነው» አለ አንዱ። እጅ ሲወጣ ወፍራሙ አሸነፈ። ቲቸር መነጽሯን ከአንገቱ አውልቆ በእኔ አንገት አጠለቃት። የጓጓሁላት መነጽር ነበረች፤ ማሰሪያዋ አንገቴን ከመብላት ሌላ ያደረገችልኝ የለም።

ከሳምንት በኋላ ስንቅ ይዞ የመጣው የመንደራቸው ሰው ወሬውን አመጣ። ወፏ አልተመለሰችም፣ እንቁላሎቹን ቁራ በልቷቸዋል። ይህን የነገረችኝ አብራት የምትኖር ልጅ ናት። እሷ ለእኔ ምንም አላለችም። በእረፍት ሰዓት ሳገኛት ሰላም ብላኝ ታልፋለች።

ደባርቅ ሄድኩ። አሥሩንም ቀን ዝናብና ጭጋግ ነበር። ያሠለጠኑን ሽማግሌ አስጎብኚ መጽሐፌን አይተው «ይኼን ትራስ ተሸክመሽ ገደል ልትወጪ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። መጽሐፉ ውሃ ጠጥቶ ያኔ ነው ያበጠው። የተገዙትንም ጀማሪዎቹ አንድ ሁለት ቀን አገላብጠው መደርደሪያ ላይ ተዉአቸው፤ በዓመቱ ክበቡ ፈረሰ። አሁን ለአዲሶቹ ልጆች ስሱን ዓይነት መርጬ ፈርሜያለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ያስረዳሁት ነገር ሁሉ የወገራዋ ልጅ ቃል ነበር፤ የእሷ ነው ግን አላልኩም። ልጆቹ ስልካቸውን ወደ ወፉ ድምፅ አስጠግተው ስሙን ያውቃሉ። ከመካከላቸው ዝም ብላ መቀመጥ የምትችል አንዲት ልጅ አለች፤ በዚህ ዕድሜዬ በእሷም እቀናለሁ።

የወገራዋ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልተመለሰችም። ተድራ ወደ ቆላው፣ ወደ አርማጭሆ ወርዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። የደጋው ወፍ እዚያ አይደርስም።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ወደ እኔ መጥታ ነበር። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እሁድ ልቆርብ ነው» አለችኝ። «የንስሐ አባቴ በሆድሽ ከያዝሽበት ሰው ጋር ሳትታረቂ እንዳትቀርቢ ብለውኛል። እኔ ቂም ይዤብሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይህን ብላ ወደ ጉልበቴ ጎንበስ አለች። በአገራችን ይቅር በይኝ የተባለ ሰው የሚመልሰውን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፦ «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ አንቺም ይቅር በይኝ» ነው የሚባለው። ተበዳይም ቢሆን ሁለቱንም ይላል።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ጠበቀችኝ። በልቧ የያዘችውን አራግፋ ቀልሏት ልትሄድ እንደሆነ ሳስብ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁባትና ሁለተኛውን ዋጥኩት። ቀና ብላ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አውቶብስ መናኸሪያው ወረደች።