ሰባተኛው ጉርድ ፎቶ

የጥቅምት ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። የስድስት ዓመት ልጄ ጉርድ ፎቶ ከሥዕል መጽሐፉ ላይ ጠፋ።

መጽሐፉ የእኛ አይደለም። ካዛንቺስ፣ እኛ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት አሉ፤ የእሳቸው ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ እኛ «እትዬ» እንላቸዋለን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የግቢውን ስምንት ልጆች ይሰበስቡና ስለ ምድር ያነቡላቸዋል፤ ስለ ባሕሩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አሸዋው፣ በዚያ ሁሉ ላይ ስለሚኖረው መልከ ብዙ ሕዝብ። መጨረሻው ገጽ ላይ ከየአገሩ የመጡ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ምድርን ከበው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ልጆቹ ያን ገጽ አይተው «እኛስ የታለን?» አሉ። እትዬ «በሉ ጉርድ ፎቶ አምጡ» አሏቸው። ትርፍ ጉርድ ፎቶ የሌለው ቤት የለም፤ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ስምንት እናስነሳና አራቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የእያንዳንዱን ልጅ ፎቶ ከተሳሉት ልጆች በአንዱ ፊት ላይ ለጠፉት። ስህተቱ የገባን ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው። ጉርድ ፎቶ ላይ አይሳቅም፤ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት። ስለዚህ ወፍራም የበግ ፀጉር ካፖርት የለበሰው፣ በአበባ ያጌጠው፣ በአንድ እግሩ የሚዘለው፣ ሁሉም ገላው እየጨፈረ ፊቱ ድርቅ ብሎ ያያችኋል። እኔ ያን ገጽ ቶሎ እገልጠው ነበር። ልጆቹ ግን ወደዱት።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ሰፈሩ መፍረስ ጀመረ። ከግቢያችን መጀመሪያ የለቀቀው ቤተሰብ ከለገሃር ሁለት ታክሲ ወደሚያስይዝ ቦታ ሄደ። ከመሄዳቸው ሦስት ቀን በፊት የልጃቸው ፎቶ ከገጹ ላይ አልነበረም። በቦታው ከሥሩ የተሳለው ልጅ ነበር፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ። ሁለተኛው ቤትም እንደዚያው ሆነ። ከሦስተኛው ጀምሮ ቀኑን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ የሥራ ልማድ ነው። ስድስት ቤቶች ለቀቁ። ስድስቱንም ጊዜ ፎቶው ከባለቤቱ ቀድሞ ነበር የሄደው።

የስድስቱ ቤቶች በርና መስኮት ተነቅሎ ተወሰደ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእያንዳንዱ ክፍት ደጃፍ ቆም እያለች «ደህና ዋላችሁ?» ትላለች።

«ለማን ነው ሰላምታው?» አልኳት።

«ለነዚያ ልጆች። ከፎቶው ሥር ተደብቀው ለነበሩት። አሁን የእነሱ ተራ ነው።»

ያን ማክሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ እንደ ልማዷ መጽሐፉን ልታይ እትዬ ቤት ገባች። ወዲያው ተመለሰች። አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ እኔ የለሁም» አለችኝ። «እንሄዳለን ማለት ነው?»

ግቢውን ትወደዋለች። ሌላ ቤት አታውቅም። «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

እትዬ ገና ሲያዩኝ ሳቁ። «ጋዜጠኛዋ መጣች! ዛሬ ደግሞ ማንን ልትመረምሪ ነው?»

«እርስዎን፣ እትዬ። ፎቶዎቹን የሚያነሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። የሰፈሩ የሴቶች እድር ጸሐፊ ናቸው። በእድራቸው አባል ሲለቅ ፎቶው ከመዝገቡ ተነስቶ በእጁ ይሰጠዋል። «እኛ ዘንድ የሚቀረው የሞተ ሰው ፎቶ ብቻ ነው። የሄደ ሰው ፊቱን ትቶ አይሄድም። መሸኛ ልታጽፍ የመጣች እናት መልቀቋን ከሁሉ ቀድማ የምትነግረው ለእኔ ነው። የልጇን ፎቶ በውሃ አርሼ አነሳና እሰጣታለሁ።»

በደብተሬ የያዝኳቸው ስድስቱ ቀኖች መልስ አገኙ። ቀለል አለኝ።

«የእኔን ልጅ ፎቶስ ለምን አነሱት?»

ሳቃቸው ቆመ። «የአንቺን? ኧረ አልነካሁም። ልትለቁ ነው እንዴ?»

አልጋውን አነሳን፣ ቁምሳጥኑን ገፋን፣ ወለሉን ጠረግን። የለም። ገጹ ደረቅ ነበር፤ የሙጫ ምልክትም የለበትም። በቦታው አንዲት የተሳለች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ከግቢው ልጆች የቀረችውን የዘጠኝ ዓመቷን የጎረቤት ልጅ ጠየቅኳት። በራሷ ፎቶ ላይ ጣቷን ቀስራ ወደ ልጄ ዞረች።

«እኔ አለሁ! ጆሮዬን እዪው! አንቺ ግን በቃ፣ ቻው!»

«ቲቸር፣ ይዩዋት!» አለች ልጄ።

«ዝም በይ አንቺ ምላሳም!» አሉ እትዬ። ግን እሳቸውም መጽሐፉን ቶሎ ከደኑት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ቦርሳዋን በሩ ሥር አስቀመጠች። ጫማዋን ሳታወልቅ ለማዕድ ትቀርባለች፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትተወዋለች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እኔን ነበር የምትጠብቀው።

ሐሙስ ጠዋት፣ የሚነሱ ቤቶች ዝርዝር ወረዳው በር ላይ ተለጠፈ። የቤታችንን ቁጥር ሁለት ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ፈለግኩ። አልነበረም። ቤት ገብቼ «በዓይኔ አይቻለሁ፣ የለንም» አልኳት። ፊቴን ትንሽ አይታ ጫማዋን ፈታች። ሳህኗን ጨረሰች።

አርብ እትዬ በሩ ላይ አገኙኝ።

«በየትኛው ቁጥር ነው የፈለግሽው?»

«በራችን ላይ ባለው ነዋ።»

«እሱ እኮ አዲሱ ነው፣ ልጄ። ወረዳ ዝርዝር የሚያወጣው በአሮጌው ቁጥር ነው። የኪራይ ውልሽ ላይ አለልሽ።»

ስንት ዓመት የሌላውን ሰው ወረቀት ሳመሳክር የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ውል ሳልገልጥ ነበር የሄድኩት። ልጄ «ወዴት ነው?» አለችኝ። «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ወረዳው በር ላይ ቆሜ፣ ውሉን በእጄ ይዤ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ የዝርዝሩን እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ።

አሮጌው ቁጥራችን ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ አራተኛ ነው። ዝርዝሩ የተፈረመው ረቡዕ ነው፣ ፎቶው በጠፋ ማግስት።