የኮኪት መንገድ እሾህና የክለባችን ባጃጅ

«ጋሼ፣ በቃኝ! ገዢ አግኝቻለሁ፤ ዛሬውኑ እሸጣታለሁ!»

ይህን ያለችው የብስክሌት ክለባችን አባል ነርስ ትዕግሥት ናት። ዛሬ ጠዋት ከሸሕዲ ወደ ኮኪት ስንጓዝ የግራር እሾህ ጎማዋን እንደገና አስተነፈሰባት። ወደ ሥራ የምትመላለሰው ደግሞ በዚችው ብስክሌት ነው።

ክለባችን በቅርቡ በከፈተው የቴሌግራም ቡድን ያለንበትን ቦታ ላክን። ብዙም ሳንቆይ ጎማ ጠጋኝ ከነመሣሪያው የጫነች የክለቡ ባጃጅ ደረሰች!

የክለቡ የክብር ሰብሳቢ ነኝ፤ ሰብሳቢነቴ ግን ያን ጊዜ የጠቀመው ጠጋኙን ከፀሐይ ለመከለል ጃንጥላ ለመያዝ ብቻ ነበር።

ጠጋኙ ጎማውን ጠግኖ፣ እሾህ የሚከላከል ሽፋን ከውስጥ አልብሶ፣ «በይ ሲስተር፣ ከእንግዲህ እሾሁ ራሱ ይፍራሽ» አላት።

ትዕግሥት ጥቂት ነድታ ቆመችና ስልኳን አንሥታ ለገዢው ደወለች፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ብስክሌቷ አትሸጥም!»

እኔም በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ።

እናንተስ፣ ተስፋ ልትቆርጡ ስትሉ ማን ደረሰላችሁ?