ከግራ ያነበብኩት መጽሐፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ ጾም በመጣ ቁጥር ስናዘዝ ስድቡንም መጠጡንም እዘረዝርና ይቺን ዘልዬ እነሳለሁ። ሚስቴም ሳትሰማው ሞተች። አሁን በጽሑፍ ላወጣው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጎደለ ፊደል ካለ ሙላበት። ጥፋቱን ግን ሳላጎድል እጽፈዋለሁ።

ሞላ እባላለሁ። ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ነኝ፤ ጋምቤላ ላይ ነው የሸበትኩት። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ነዋሪው አዋጥቶ የሠራት አንዲት የልጆች ንባብ ቤት ነበረች፤ የእሷ ዘበኛ ነበርኩ። ሰው ግትሩ ሞላ ይለኛል። ደስም ይለኝ ነበር። ግትር ማለት ቃሉን የማያጥፍ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ንባብ ቤቷን የምትይዘው አሪየት የምትባል የአኙዋ ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ አክስቷ ቤት ተጠግታ ትኖራለች። የምትሠራው በነጻ ነው፤ የወላጆች ኮሚቴ ዓመቱ ሲያልቅ ቋሚ እናደርግሻለን ብሏት ያንን ትጠብቅ ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እሱንና እሷን ታምታታለች። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ጠዋት ስትመጣ "አባባ፣ በላህ?" ትለኛለች። ሌላ ልጅ እንዲህ ቢለኝ በዱላ ነበር የምመልስለት። እሷ ስትለኝ ያልበላሁትም ያጠግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ካርቶን ተሸክማ መጣች። ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላት የሄደው ነው። ምንድን ነው ስላት ማንጋ አለችኝ፤ እኔ ማንጎ ብዬ ሰማሁ። ሳይበላሽ አንድ ልቅመስ ብዬ ካርቶኑን ብከፍተው መጽሐፍ ብቻ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ወዲያ የመጽሐፎቹ ስም ማንጎ ሆነ። "አባባ፣ ዛሬስ በሰለ?" እያሉ ሲያላግጡብኝ ከረሙ።

የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። አሪየት አንዱን ታነብና ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ጎን በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ መጽሐፉ የሚሰማትን በጠመኔ ትጽፋለች። የቱ ጋ እንደሚያስቅ፣ የቱ ጋ እንደሚሰለች፣ ለትንንሾቹ ይሁን ለትልልቆቹ። ከሥሩ ኮከብ ትስልለታለች፤ ለጥሩው አምስት፣ ለደካማው ሁለት። ኮከብ ቆጣሪ ሆንሽ ወይ እላታለሁ፣ ትስቃለች። "አያቱ ጃንጥላዋን ረሳች" ብላ ስትጽፍ ጠመኔውን ትሰጠኛለች፤ እኔ "ጃንጥላውን ረሳ" አደርገዋለሁ። በዕድሜዬ ደስ ብሎኝ ያነበብኩት ነገር ቢኖር ያ ሰሌዳ ነው።

ብዙ ጊዜ የምትጽፈው ስለ አንድ ባለ ብዙ ቅጽ ታሪክ ነበር። አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ጃንጥላ መጠገኛ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ያበስላሉ፣ ይበላሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ድመት ዓሣ ይሰርቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሪየት አስተያየቷን የምትዘጋው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ "በዚህኛውም ምንም አይሆንም። አምስት ኮከብ።" ምንም የማይሆንበት መጽሐፍ ምኑ ይነበባል ብዬ ጠየቅኳት። ከመንደራቸው የሸሹት እራት ቀርቦ ሳለ እንደሆነ ነገረችኝ። ዓሣው ከነገንፎው እዚያው ቀረ። ወንድሟም እዚያው ቀረ።

"እዚህ ውስጥ እራት ይቀርባል፣ አባባ" አለችኝ። "ከዚያ ይበላል።"

እኔ ያደረግኩትን ያደረግኩት ይህን ሰምቼ ነው። ሳልሰማ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሰበብ ይሆነኝ ነበር።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ልጆቹን ያስቀረበት ቀን ከሰዓት ብቻዬን ሆኜ ከማንጎዎቹ አንዱን አነሳሁ። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ሥዕል ማየት ግን ማን ይከለክለኛል? እንደማንኛውም መጽሐፍ ከግራ ገለጥኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ አለፍኩት። ከዚያ ሥዕሉን ተከተልኩ። ሽማግሌውና ልጅቷ እራት ይበላሉ። ቀጥሎ ሽማግሌው ከማዕዱ ተነስቷል፤ ልጅቷ እጁን ይዛዋለች። በዝናብ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ይደርሳሉ። ቀጥሎ ልጅቷ ከነጃንጥላው ብቻዋን መንገድ ላይ። መጨረሻው ሥዕል ላይ ሽማግሌው ብቻውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝናቡ መላጣው ላይ ይወርዳል።

ደሜ ፈላ። ሐዋሳ ያለችው ልጄ ከደወለችልኝ ዓመት አልፏት ነበር። መጽሐፉ ስለ እኔ የተሳለ መሰለኝ። አብልታ፣ አስነስታ፣ አውጥታ ጣለችው። አሪየት ልጆቻችንን ይህን ነው ለካ የምታስተምረው አልኩ። ዝናቡ እንዳባራ ቦኖው ጋ ውሃ ለመቅዳት ለተሰለፉት እናቶች ነገርኳቸው። በማግስቱም ደገምኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ንባብ ቤት መምጣት አቆሙ፣ ለቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ይቅር ይባላል። ኃጢአቴ ከዚህ ይጀምራል።

ዓርብ ዕለት አሪየት መጽሐፉን ይዛ ወደ ጎጆዬ መጣች። አልተቆጣችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣቴን ያዘችና ቀኝ ጥግ ያለው ሥዕል ላይ አደረገችው።

"ጃፓን ከቀኝ ነው የሚያነበው፣ አባባ። አንተ ከመጨረሻ ጀመርክ።"

ያለፍኩት ትልልቅ ጽሑፍ ምን እንደሚልም ነገረችኝ። ቁም፣ በተሳሳተ በኩል ከፍተሃል ነው የሚለው። ከዚያ ጣቴን እየመራች ከቀኝ ወደ ግራ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ጃንጥላውን ረስቶ ወጥቶ ዝናብ ይዞታል። ልጅቷ ጃንጥላ ይዛ ብቻዋን ትወጣለች። መቆሚያው ጋ ታገኘዋለች። እጁን ይዛ ወደ ቤት ታመጣዋለች። እራት ቀርቧል። ይበላሉ።

"አየህ? ምንም አይሆንም" አለችኝ። "ነገ ንገራቸው።"

እሺ አልኳት። አዎ፣ እሺ ብያታለሁ።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ሰብሳቢው አቶ ኡጁሉ የሚባል አናጢ ነው፤ ረጋ ያለ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው። ወሬ አንፈልግም፣ ያየ ሰው ይናገር አለና ወደ እኔ ዞረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ሞላ ካለ አለ ነው ስትል ሰማሁ። ተነሳሁ። ምን ብዬ ልመለስ? ሳምንቱን ሙሉ ቦኖው ላይ የደሰኮርኩትን፣ መጽሐፍ መያዝ ሳልችል ቀርቼ ነው ልበል? ሽበቴን ይዤ አንዲት ልጅ ጣቴን ይዛ እንዳስቆጠረችኝ ልናገር? ግትሩ ሞላ ቃሉን ዋጠ እንዲባል?

"በዓይኔ አይቻለሁ" አልኩ። "ሽማግሌውን ዝናብ ላይ ጥላው ሄደች። በዓይኔ ያየሁትን አልክድም።"

እየው፣ አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። በዓይኔ አይቼ ነበር። ከዚህ የከፋ ውሸት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልዋሸሁም።

አሪየት ልታስረዳ ተነሳች። ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋባታል። "አያቱ አልተጣለችም፣ እሱ ናት ያመጣችው" አለች። ሰው ሳቀ። ማን ማንን ነው የጣለው፣ እሱ ነው እሷ ናት እያሉ ያፌዙባት ጀመር። አንዱ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ኮከብ ትቆጥራለች፣ እሱስ ምንድን ነው አለ። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ዞር ብላ አየችኝ። ጠመኔውን ስታቀብለኝ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ፤ እንዳቃናላት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጫማዬን አየሁ።

እንግሊዝኛ የሚችል ይየው ያለም ሰው ነበር። ከሞላ ዓይን በላይ ምን ትፈልጋለህ ተባለ። አሪየት እንድትሰናበት ተወሰነ፤ ካርቶኑንም አስወግደው ተባልኩ።

ከቤቱ ጀርባ ወስጄ አቃጠልኩት። ወረቀቱ የክረምት እርጥበት ጠጥቶ አልያዝ ሲለኝ ገጽ በገጽ እየቀደድኩ መማገድ ግድ ሆነ። አሁን የምገልጠው ከቀኝ ነበር። ድመቱ ዓሣውን ሲሰርቅ አየሁ። ጎረቤትየው የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ሲመጣ አየሁ። እራት ሲቀርብ፣ ሲበላ፣ እንደገና ሲቀርብ አየሁ። በትክክል አንብቤ በትክክል አቃጠልኩ። ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጽሑፏን ለማጥፋት ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ እሱን ዝናቡ አጠበው።

ከእሷ በኋላ በነጻ የሚሠራ አልተገኘም። ንባብ ቤቷ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነች። እኔም የሲሚንቶ ዘበኛ ሆኜ ጡረታዬን ጠበቅኩ።

ዓመታት አልፈው አሪየት ፑኝዶ አለች ሲሉ ሰማሁ። ባለፈው ክረምት በመኪና ሄድኩ። የእርዳታ ሠራተኞች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። በሩ ላይ ባልዲ ይዛ ወጣች። አወቀችኝ። በላህ ወይ አላለችኝም።

ተዘጋጅቼ የሄድኩበትን ነገርኳት። "ዓርብ ዕለት ስታሳይኝ ገብቶኝ ነበር" አልኳት። "አውቄ ነው ቅዳሜ የካድኩሽ።"

ባልዲውን አስቀመጠች።

"እኔ አልገባዎትም ብዬ ነበር የማስበው" አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ምክንያት አበጅታልኝ ኖራለች። ሽማግሌ ነው፣ አልገባውም ብላ። እኔ ደግሞ ነፍሴን ላሳርፍ ብዬ እዚያ ድረስ ሄጄ እሱንም ከእጇ ቀማኋት። ይህስ ኑዛዜ ነው ወይስ ሁለተኛ በደል? ደግሞም እርስዎ ብላኛለች። አማርኛዋ ተቃንቶ ነበር፤ አንድ ስህተት የለበትም። ያቃናው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አይደለሁም።

አሁንም ታነቢያለሽ ወይ አልኳት። ጊዜ የለም አለችኝ። የጃንጥላው ቤት ታሪክ መጨረሻው ምን ሆነ አልኳት፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንዳች የቀረላት ነገር እንዳለ ማየት ፈልጌ ይሆናል። አሰብ አደረገች።

"አላስታውስም" አለችኝ። ከዚያ ባልዲዋን አነሳች። "ምንም አይደለም፣ አባባ። ዝናብ መጥቷል፣ መኪናው እንዳያመልጥዎ።"

መናኸሪያው ጋ ተቀምጬ ዝናቡ ደበደበኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር። ማንም ይዞልኝ እንዲመጣም አልጠበቅኩም።

ይህን የምታነበው ሰው፣ አንተም ምንም አይደለም እንዳትለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ፊደል ያልጠገበ ነው፣ ልጁ ትታው ነው አትበልልኝ፤ ሁሉንም ብዬው አይቻለሁ፣ አንዱም አልያዘልኝም። ይቅርታ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች፤ የነበራትን ይቅርታም ሳላውቅ ጨረስኩባት። እሷ በምታነባቸው መጽሐፎች ውስጥ ምንም አይሆንም ነበር። በእኔ እጅ ግን ሆነ።