የአጎቴ ታታሪነት

«ሥራ ክቡር ነው» እያለ ሲመክራችሁ የኖረ ሰው፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ጎረምሳ የቤቱን ልጅ ለትዳር ሲጠይቅ ፊቱ ሲጠቁር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሰውዬው አጎቴ ናቸው፤ የተጠየቀችው እህቴ።

ደብረ ታቦር ላይ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። «ታታሪነት» የሚል ምዕራፍ አለን። ሰሌዳውን ለሦስት ከፍዬ ትርጉሙን፣ ጥቅሙንና መገለጫውን እጽፋለሁ፤ ለመገለጫው ሁልጊዜ የምጠቅሰው አጎቴን ነበር። ጎህ ሳይቀድ በሬ ይጠምዳሉ፣ ዝናብም ፀሐይም አይመልሳቸውም። «ሰነፍ ከሞተ ሰው በምን ይለያል? የሞተው እንኳ አይበላም» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ የሚያዩት የገዛ ልጃቸውን ነው። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እስኪገኝ እቤት የተቀመጠ፣ ተቀምጦም ያልከፋው ሰው ነው።

አባታችን ስለሞተ ሽማግሌ የሚላከው ወደ እናቴ ታላቅ ወንድም፣ ወደ አጎቴ ነው። እህቴን የጠየቀው ሰው ከተማው ውስጥ ብየዳ ቤት አለው። የግቢያችንን የብረት በር የሠራው እሱ ነው፤ የተዋወቁትም በሩን ሊለካ የመጣ ቀን ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም። «ዘመድ እንጠይቅ» ይባልና ቀጠሮ ይሰጠዋል። ዘመድ መጠየቅ ማለት አጥንት መቁጠር ነው፤ የማን ዘር ነው፣ አያቱ ምን ነበሩ፣ ተብሎ ይጣራል። ወቅቱ የጤፍ ውቂያ ነበር። አጎቴ ጤፋቸውን አውድማ ላይ ትተው ተነሡ። በሐሙሲት ገበያ ቀን ሐሙሲት፣ በአንበሳሜ ገበያ ቀን አንበሳሜ ወረዱ። ቄስ ጠየቁ፣ ሽማግሌ ጠየቁ፣ መንገደኛ ሳይቀር አቁመው ጠየቁ። ሲመለሱ ከንፈራቸው በጥም ደርቆ ነበር፤ ፊታቸው ግን የድል አድራጊ ነው።

«አይሆንም። አባቱ ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻ የሚቀጠቅጥ» አሉ።

እናቴ ደነገጠች። «እሱ እኮ በያጅ ነው፣ ወንድምዓለም።»

«ብረቱን በከሰል አጋለው በመብራት፣ ምን ለየው?»

«ኧረ ታታሪ ልጅ ነው! አንድ ቀን እንኳ እጁን አጣጥፎ አይውልም።»

«በሚካኤልም?»

እናቴ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ይኸው! በዓልም አያከብር!»

ጥግ የተቀመጠው የአጎቴ ልጅ ሳቅ አመለጠው። «አንተ ሥራ ፈት፣ ዝም በል!» ብለው ዞሩበት።

«እሺ አባባ። ሥራ ስለፈታሁ እኮ ነው ቁጭ ብዬ የማዳምጠው።»

እህቴ እስከዚያ ድረስ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀና ብላ፣ «አጎቴ» አለች፣ «አንቱ ያረሱትን በልቼ አድጌያለሁ። በማን ማረሻ እንዳረሱት ጠይቄ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው እኛ ቤት ሲመጡ አጎቴ ተቀመጡ እንኳ ሳይሏቸው «አልሆነም» አሏቸው። ሰዎቹ ያው የላካቸው ልጅ በሠራው በር ወጥተው ሄዱ።

ያን ሰሞን ምዕራፌ ፈረሰብኝ። መምህር ነኝና እንዴት እንደፈረሰ ላስረዳ። እናቴ የበያጁን ታታሪነት እንደ ቤዛ አቀረበች፤ ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ አጥንቱን መናቅ ተገቢ ሊሆን ነው? ሰው ሰው ለመባል መጀመሪያ ላቡን ማሳየት አለበት? ደግሞስ ታታሪነት ምግባር ከሆነ በዚያ ሳምንት ከአጎቴ የበለጠ ምግባረ ሠናይ ከየት ይመጣል? አልተኙም፣ አልበሉም፣ ጤፋቸውን ወፍ በላው። ያ ሁሉ ድካም አንዲት ልጅ የወደደችውን እንዳታገባ ነው። አህያ ከአጎቴም ከእኔም ይበልጥ ትደክማለች፤ ነገር ግን ነፍስ አባት ያደረጋት ሰው እስካሁን አላየሁም።

ለነገሩ አገሩ ሁሉ እንደ አጎቴ ነው። ሥራ ክቡር ነው ይላል፤ ማረሻ ያሠራል፣ ማጭድ ያስላል። የሠራለትን ሰው ግን ቡዳ ይለዋል፣ ልጁንም ከዓይኑ ይሸሽጋል። የሚያከብረው ሥራን አይደለም፤ ሌላው ሰው ሲሠራለት ማየትን ነው።

እህቴ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባች። ከወገናችን ከእኔ ሌላ ምስክር የሚሆን ጠፍቶ ነበር። አንዱ ውቂያ አለብኝ አለ፣ ሌላው ስብሰባ፤ ታታሪ ዘመድ አያሳጣ! የመጣው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ያ ሰነፍ የተባለው፤ የጠበበውን የእኔን ኮት ለብሶ።

«አባትህ ቢያባርሩህስ?» አልኩት።

«ከየትኛው ሥራዬ?» አለኝና ፈረመ። ከዘመዶቻችን መካከል አንድ ደግ ነገር የሠራ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም እጁን ያነሣው እስክሪብቶ ለመያዝ ነው።

አጎቴ እስከ ዛሬ የእህቴን ደጃፍ አልረገጡም። ጎህ ሳይቀድ ግን ይነሣሉ። ምዕራፉን አሁንም አስተምራለሁ፤ መገለጫ ከሚለው ሥር የምጽፈው ስም ግን የለኝም።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። «ሥራ ክቡር ነው» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ አትከራከሩት። ማረሻውን ማን እንደሚቀጠቅጥለት ጠይቁት፤ ቀጥሎ የራሱን ልጅ ለዚያ ሰው ልጅ ይድር እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ፊቱን እዩት።