በካርቱም የከሳሁበት ዓመት

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ያላየችኝ ሴት ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «ውይ ፋጤ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? አሞሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብዬ አለፍኩ እንጂ ደሜ ፈልቷል። ይቺን ጥያቄ ስሰማ እስከ ዛሬ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ልጣላ ይዳዳኛል። በወጣትነቴ፣ ካርቱም ላይ፣ በዚችው ጥያቄ የተነሳ እንጀራዬን አጥቻለሁ።

ሀያ ስድስት ሀያ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ካለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ማደሪያዬ ጀብራ የሚባል ሰፈር ነው፤ እንደኔው ከወሎ ከመጣች ዘሀራ ከምትባል ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን። ጠዋት በሀፍላ፣ አውቶቡሱን እንዲያ ነው የምንለው፣ ተጨናንቄ እሄዳለሁ፤ አስር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።

አሠሪዬ ማዳም ኢቅባል ክፉ ሴት አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር እጇ አይሰስትም። ምሳ ሲነሳ ያ ትልቅ ትሪ፣ ሲኒያው፣ የበግ ሥጋውና ሩዙ ግማሽ እንኳ ሳይነካ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። እኔ ደግሞ ክፉ ቀን ያየ አገር ልጅ ነኝ፤ ምግብ ልድፋ ብል እጄ አይታዘዘኝም። ስለዚህ እበላዋለሁ። በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ፣ በሻዩ ላይ በዘይት የተጠበሰ ዘላቢያ። በሦስት ዓመት በር የምሞላ ሴት ሆንኩ። ፎቶዬን ወደ አገር ቤት ስልክላት እናቴ «ልጄ አማረባት፣ ጠገበች» እያለች ለመንደሩ ሁሉ አሳየችው አሉ።

አንድ ጠዋት ስሰግድ ከሱጁድ መነሳት አቃተኝ። ጉልበቴ እምቢ አለ። ዘሀራ ብብቴን ይዛ ጎትታ አስነሳችኝ፤ እሷ በሳቅ ሞተች፣ እኔ አለቀስኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደ አሮጊት ወንበር ላይ ልሰግድ? ሶባ ሆስፒታል ሄጄ የታየሁት ሀኪም ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገና «መድኃኒቱ መክሳት ነው፤ ቀስ ብለሽ» አለኝ።

ይህን ለዘሀራ ስነግራት አፏን ያዘች። «መክሳት? ወሎዬ ሆነሽ፣ ያን ሁሉ አይተሽ፣ በገዛ እጅሽ? አላህ እንዳይሰማሽ!»

አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ክሳት ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም በልጅነታችን አይተነዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማዳም ወጥ ቤት ስኳር ከሌለው ሻይ በቀር አልቀምስም አልኩ። ስመለስ ከገበያ ሪጅላ እገዛለሁ፤ ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ሱዳኖች የሚወዱት ጎመን ነው። ከምስር ጋር አበስለዋለሁ። ካርቱም ውስጥ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ የሚዋኝ ነገር ነው፤ እኔም ለምጄው ነበር። አሁን እንደ አገሬ በደረቁ፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ማቁላላት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ቁሌት ጊዜ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ቁጭ ካላሉ ያራል። በዚያ ሙቀት ከሰል ማንደጃ ስር ተቀምጬ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ አቧራው ሲነሳ ድስቴን በሻሼ እሸፍናለሁ። ግን እውነቴን ነው፣ ያ መቀመጥ ነው ያቆየኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ድስት ሳማስል ውዬ የራሴን ማማሰል ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም። ሲኒያው በየቀኑ ከነሽታው ይመለሳል፣ እኔ ምራቄን እውጣለሁ፣ ቀሚሴ እንደ ወትሮው ጠባብ ነው። ዘሀራ «የበሽተኛ ወጥ» እያለች ታሾፋለች፤ እያሾፈችም በኪስራ፣ በዚያ ስስ የማሽላ እንጀራቸው፣ ከድስቴ ታጠቅሳለች። አንድ ጁምዓ ተስፋ ቆርጬ አንድ ሳህን ዘላቢያ ብቻዬን ጨረስኩ። «ኸላስ፣ አበቃ፣ ተገላገልን!» አለች። በማግስቱ ሽንኩርት መክተፍ ስጀምር ራሷን ነቀነቀች።

«ወይ አንቺ! ምን ዓይነት ግትር ነሽ?»

ግትር ነኝ፣ አዎ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ብርዱ ገባ፣ ቀሚሴ ቀስ በቀስ ሰፋ። አንድ ቀን ምንም ሳልደገፍ ከሱጁድ ብድግ አልኩ። ዘሀራ አይታ የዚያን ቀን አላሾፈችም፤ ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ ሌላም ሰው አየኝ። ሻይ ሳቀርብ የማዳም አማትና ጎረቤቶቿ «ይቺን ልጅ አታበሊያትም እንዴ? ወይስ ያ በሽታ ይዟታል?» ሲሏት ሰማሁ። በዚያን ጊዜ «ያ በሽታ» ሲባል የቱ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በማግስቱ ማዳም ሥጋና ሩዝ በትልቅ ሳህን ሞልታ ወጥ ቤት ገባች፣ ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች።

«ኩሊ» አለችኝ። ብይ ማለቷ ነው።

«ማዳም፣ ቤቴ አብስዬ እበላለሁ።»

«ሰው ሁሉ አስራበቻት እያለኝ ነው! ስሜን አጠፋሽው። ወላሂ፣ ወይ እዚሁ ፊቴ ትበያለሽ፣ ወይ ነገ እንዳትመጪ።»

ሳህኑን አየሁት። ራሴ ያበሰልኩት ነው፤ ጨው እንኳ አልጎደለውም። አገር ቤት የኔን እጅ የምትጠብቅ እናት አለችኝ። አንድ ሳህን ብበላ አልሞትም። ግን ነገም ሌላ ሳህን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም። ለጎረቤት ሐሜት ብዬ ልወፍር? አረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ ያን ቀን በጀኝ።

«የቀጠርሽው እጄን ነው» አልኳት። «ሆዴን አልቀጠርሽውም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ያላ፣ ውጪ!» አለችኝ። ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

መንገድ ላይ ኩራቴ ለብቻው ይራመድ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ታማለች የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ስለነበር ሥራ ልጠይቅ በሄድኩበት በር ሁሉ ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኝና «ሰው አግኝተናል» ይሉኛል። ድስቴ ሳሳ። ምስሩን ቆጥቤ ቆጥቤ ውሃው በዛ። አሁን አብሮኝ የሚያድረው እውነተኛ ራብ ነበር፤ የልጅነቴ ራብ መሆኑን ወዲያው አወቅኩት፣ ፈራሁትም።

«እንግዲህ ሂጂና ሳህኗን ብይላት!» ብላ ዘሀራ ጮኸችብኝ። «ሥጋ ነው እንጂ መርዝ አይደል!»

«አልበላም!»

ተኮራርፈን አደርን።

በማግስቱ ሥራ ስፈልግ ውዬ ስገባ ዘሀራን ማንደጃው ስር አገኘኋት። እሷ ወጥ ስትሠራ ዘይቱን ገልብጣ፣ ሁሉን አንድ ላይ ጨምራ ነው የምትገላገለው። አሁን ግን ሽንኩርቱን በደረቁ ታማስላለች፣ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ጠብ ታደርጋለች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ሪጅላውንም ምስሩንም ራሷ ገዝታዋለች።

«ያንቺኑ ነው የሠራሁት» አለች ቀና ሳትል። «ሥራ እስክታገኚ እኔ አበስላለሁ። ከእንግዲህ ግን ሲርብሽ ራበኝ በይ፣ ስትጠግቢ ጠገብኩ በይ። እኔ ሳይሽ መለየት አቅቶኛል።»

ቁጭ ብዬ በላሁ። እንባዬ እየወረደ በላሁ። ሲበቃኝ «ጠገብኩ» አልኳት። እጇ ወደ ጭልፋው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ፤ መለሰችው። ወሎዬ ሴት ጠገብኩ ተብላ አንዴ እንኳ «በሞቴ» ሳትል ስትቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኋላ እዚያው ጀብራ ሥራ አገኘሁ። አዲሷ አሠሪዬ ምን እንደምበላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዛሬ ልጆቹ በአስራ አምስት ቀን የሚያከሳ ዱቄት እያሉ በስልካቸው ሲያሳዩኝ እስቃለሁ። ራቡንስ ሰው ይችለዋል። የሚከብደው በአንድ በኩል በፍቅር፣ በሌላ በኩል ስሙ እንዳይጠፋ ፈርቶ ሳህን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። ጠገብኩ ስል የሚያምነኝ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ያውም ራብን እንደኔ የምታውቅ ሴት። ሌላው እንደፈለገ ያውራ።